ጥፋቱን ያልደበቀው ሰው፦ የጆን ኒውተን የሕይወት ታሪክ

በያመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ አንዳንዱ ስለ ጤና፣ አንዳንዱ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ አንዳንዱም ስለ ሰፈራችን ታሪክ ይጽፋል። እኔ ደግሞ በዘንድሮው እትም ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ስለሆነው አንድ እንግሊዛዊ ልጽፍላችሁ አሰብኩ። ስሙ ጆን ኒውተን ይባላል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩለት ሊቅ ኒውተን ሌላ ነው፤ ይኸኛው መርከበኛ፣ ኋላም ቄስ ነበረ።

ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ ነገሩ ወዲህ ነው። በዕድር ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሰው ያጠፋና ከሰው ይሸሻል። ጎረቤቱን የበደለ እንደሆነ የጎረቤቱን ደጅ ላለማለፍ መንገድ ያዞራል። ለቅሶ ቤት ቢመጣም ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከአጥር ውጭ ተሳልሞ እብስ ይላል እንጂ ወደ ንስሐ አባቱ አይቀርብም። ምን ፊት አለኝ ይላል። እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልፍና አንድ ቀን የሱ ጡሩምባ ይነፋል። ያን ጊዜ እኛ እንቀብረዋለን፤ ጸጸቱን ግን ማንም አልሰማለትም። ስለዚህ ጥፋቱ ከብዙዎቻችን ጥፋት የሚበልጥ፣ ሆኖም ፊቱን ያላዞረ ሰው ታሪክ ቢነገር ይጠቅማል ብዬ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ኒውተን ጁላይ 24 ቀን 1725 ሎንዶን ውስጥ በወንዝ ዳር ባለችው ዋፒንግ በምትባል የመርከበኞች ሰፈር ተወለደ። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ስለነበረ እቤት ብዙ አይገኝም። ልጁን ያሳደገችው እናቱ ኤልሣቤጥ ናት። እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ገና በለጋነቱ ፊደል አስቆጥራ ቅዱስ መጽሐፍ ታስጠናው፣ መዝሙርም ታስይዘው ነበር። ምኞቷ ልጄ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሆንልኛል የሚል ነበር። ምን ያደርጋል፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው በ1732 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባትየው ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጁንም ጥቂት ጊዜ ትምህርት ቤት አስገብቶት ነበር። ከዚያ በ11 ዓመቱ ከራሱ ጋር ወደ ባሕር ይዞት ወጣ። የኒውተን የቀለም ትምህርት እንግዲህ በዚሁ አበቃ።

በመርከበኞች መካከል ያደገ ልጅ የሚሆነውን ሆነ። አንድ ጊዜ ይጾማል፣ ይጸልያል፤ ሌላ ጊዜ ይሳደባል፣ ይክዳል። በ1742 ኬንት በሚባለው አገር የእናቱን ወዳጆች ሊጠይቅ ሄዶ ሜሪ ካትሌት የምትባል ልጅ አየ። ገና 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ እሱም 17 ዓመቱ ነው። ልቡ እስዋው ጋ ቀረ፤ እስኪሞትም ድረስ አልወጣም።

በ1744 መንገድ ላይ ሲሄድ አፈሳ ያዘው። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰው ሲያንሰው ወጣቱን ከየመንገዱ እያፈሰ ወደ ጦር መርከብ ይጭን ነበር። አፈሳ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም። ሀሪች በምትባል የጦር መርከብ ላይ ተጫነ። አባቱ በሰው በሰው ብሎ ትንሽ የመኮንንነት ማዕረግ አሰጠው። ልጁ ግን አላረፈም፤ ከመርከቡ ጠፋ፣ ተያዘ፣ በሰው ፊት ልብሱን ተገፎ ተገረፈ፣ ማዕረጉንም ተገፈፈ። ትናንት ያዛቸው የነበሩት ሰዎች አዛዦቹ ሆኑ። ከኀፍረቱ የተነሣ ራሱን ባሕር ውስጥ ለመጣል አስቦ እንደነበር በኋላ ራሱ ጽፏል።

በ1745 መርከቧ ማዴይራ ደሴት ላይ ስትቆም በልዋጭ ወደ ሌላ መርከብ ተሰጠ። ያቺ መርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የምትሄድ የባሪያ ነጋዴ መርከብ ነበረች። እዚያም ዛሬ ሴራሊዮን በምንለው አገር ባሕር ዳርቻ፣ ፕላንቴይን ደሴቶች በሚባል ቦታ ከአንድ ነጭ ባሪያ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። ነጋዴው አፍሪካዊት ሚስት ነበረችው፤ የባላባት ወገን ናት። ኒውተን በንዳድ ታሞ ሲወድቅ ሴትዮዋ ጠላችው። የሚጠጣው ውሃ እንኳ እስኪያጣ ድረስ ተጣለ፤ ምግቡ ከሳህኗ የሚተርፈው ፍርፋሪ ሆነ። ነጋዴውም ሰረቅከኝ ብሎ ፊቱን አዞረበት። ነጩ ወጣት በዝናብና በፀሐይ ሜዳ ላይ፣ ልብሱ በላዩ ላይ አልቆ፣ የሰው መሳቂያ ሆኖ ዓመት አለፈው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ጊዜ በድብቅ የመገበው ማን ነው? ለሽያጭ በሰንሰለት ታስረው የነበሩት አፍሪካውያን ናቸው። ከዚያችው ከማትበቃቸው ራሽን ላይ ቀንሰው ለሱ አቀመሱት። ይህንን እሱ ራሱ ነው የጻፈው። እንግዲህ በኋላ የሠራውን ስንሰማ ይህችን ጉርሻ አንርሳት።

አንድ ቀን የሎሚ ችግኝ ሲተክል ነጋዴው አሾፈበት፤ ዛፉ አፍርቶ አንተም ካፒቴን ሆነህ ተመልሰህ ትበላው ይሆናል አለው። ሰውየው ለቀልድ ያለው ነገር ከዓመታት በኋላ እውነት ሆነ። ኒውተን ካፒቴን ሆኖ ወደዚያው መጣ፣ ከዚያው ዛፍም ሎሚ ቀጠፈ። ምኑን ሊገዛ መጣ ብትሉ ሰው ሊገዛ ነው። አይ የሰው ነገር!

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አባቱ የልጁን ደብዳቤ አግኝቶ ወዳጆቹን ለመነና በ1747 ግሬይሃውንድ የምትባል መርከብ አግኝታ ወሰደችው። መርከቧ የምትጭነው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና የማቅለሚያ እንጨት ነበር። ኒውተን በመርከቧ ላይ ከሁሉ የባሰ ተሳዳቢ ሆነ። መርከበኛ ሁሉ አፈ ክፉ በሆነበት ዘመን ካፒቴኑ እስኪሰቀጥጠው ድረስ ነበር አሉ። እንዲያውም ይህ ሰው እንደ ዮናስ መዓት ያመጣብኛል እያለ ካፒቴኑ ይፈራው ነበር።

እንዳለውም መዓት መጣ። ማርች 21 ቀን 1748 ሌሊት በሰሜን አትላንቲክ ላይ ማዕበል መርከቧን መታት። ኒውተን ከእንቅልፉ ባኖ ወደ ላይ ሲሮጥ ካፒቴኑ ቢላዋ አምጣ አለው። ለቢላዋው ሲመለስ በሱ ፈንታ ሌላ ሰው ወደ ላይ ወጣ፤ ያንን ሰው ወዲያው ማዕበሉ ጠርጎ ወሰደው። የመርከቧ አንድ ወገን ተገነጣጥሎ ውሃ ይገባል። ቀዳዳውን በልብሳቸውና በመኝታቸው ወተፉት። ኒውተን ከንጋት በፊት ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ ውሃ ሲቀዳና ሲያፈስ ዋለ፤ ከዚያም እስከ እኩለ ሌሊት መሪውን ይዞ ቆመ። በዚህ መካከል ሳያስበው ጌታ ይማረን የሚል ቃል ካፉ አመለጠው። ወዲያው ደነገጠ። ስንት ዓመት እግዚአብሔርን ስሰድብ የኖርኩ እኔ ምን ምሕረት አለኝ ብሎ ራሱን ጠየቀ።

እንግዲህ የጸጸት መጀመሪያው ይህ ነው። እናቱ ያስጠናችው ቃል ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣበት። ግን የመጣው እንደ መጽናኛ ሳይሆን እንደ ወቃሽ ነበር። በረሀብና በብርድ አራት ሳምንት ያህል ከተንከራተቱ በኋላ አየርላንድ ገቡ። በድስት የነበረው የመጨረሻው ምግብ እየተቀቀለ ነበር ይባላል። ከዚያን ጊዜ ወዲያ ኒውተን ማርች 21ን በየዓመቱ እስከ ዕለተ ሞቱ በጾምና በጸሎት አከበረ።

አሁን ብዙ ሰባኪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን። ሲነገር የምንሰማው ኒውተን በማዕበሉ ቀን ተጸጸተ፣ በማግስቱ ባሪያዎቹን ፈታ፣ ያንንም የታወቀ መዝሙር ጻፈ እየተባለ ነው። ታሪኩ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ነገር በዚያች መርከብ የተጫኑ ባሪያዎች አልነበሩም። ሁለተኛ፣ ኒውተን ክርስቲያን ነኝ ካለ በኋላ ነው በባሪያ ንግድ የከበረው። በዚያው በ1748 በምክትል አዛዥነት በባሪያ መርከብ ሄደ። በፌብሩዋሪ 1750 ሜሪን አገባ። ከዚያ በኋላ ራሱ ካፒቴን ሆኖ ሦስት ጊዜ፣ አንዱን ዱክ ኦፍ አርጋይል በምትባል መርከብ፣ ሁለቱን አፍሪካን በምትባል መርከብ፣ ከአፍሪካ ሰው እየጫነ ወደ አሜሪካ ደሴቶች ወሰደ። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርሳል፤ ለሚስቱ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋል። ከእግሩ በታች ደግሞ ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በእግር ብረት ተጠምደዋል።

ያ ንግድ ምን እንደሚመስል በኋላ እሱው ነው በዝርዝር የገለጠው። 100 ቶን ወይም ከዚያ ጥቂት በምትበልጥ መርከብ ውስጥ ከ220 እስከ 250 ሰው ይገባ ነበር። የሚተኙበት ጓዳ ከፍታው 5 ጫማ ነው፤ ማለት አንድ ሜትር ተኩል ያህል። ያም አልበቃ ብሎ በመካከሉ ሌላ መደርደሪያ ተሠርቶበት ሰው በሰው ላይ ይደረደራል። መዞር የለም፣ ቀና ማለት የለም። ጧት ሲከፈት ከሞተ ሰው ጋር በአንድ ብረት የታሰረ በሕይወት ያለ ሰው ይገኛል። ሊያምፁ አስበዋል የተባሉትን ደግሞ ጣታቸውን በብረት መጭመቂያ እያስጨነቁ ይመረምሯቸው ነበር። ይህንንም በኒውተን መርከብ ተደርጎ ራሱ በመዝገቡ ላይ ጽፎታል።

መዝገብ ካልኩ አይቀር፣ ዕድሜዬን በመዝገብ መካከል የጨረስኩ ሰው ነኝና በዚህ ላይ ጥቂት ልበል። የኒውተን የመርከብ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ በ1962ም ታትሟል። የተስተካከለ መዝገብ ነው። ነፋሱ፣ የተገዛው ሰው፣ የተከፈለው ዕቃ፣ ሁሉም በየቀኑ ሰፍሯል። ሰው ሲሞትም ተጽፏል። እንዴት? በቁጥር። ስም የለም፤ የዚህ ቁጥር ወንድ ባሪያ፣ የዚህ ቁጥር ሴት ባሪያ ተቀበረ ተብሎ ነው። ተቀበረ የተባለው ደግሞ ወደ ባሕር መጣሉ ነው። እኛ ስም የምንጠራ፣ ድንኳን የምንተክል፣ አፈር የምናለብስ ሰዎች ነን። ለቀባሪም ለአልቃሽም የሚሆን ሰው ሳይኖር፣ አባት እናት ሳይሰማ፣ በቁጥር ብቻ የጠፋ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። አጥኚዎች እንደሚሉት በዚያ ንግድ ዘመን ከአፍሪካ የተጫነው ሰው 12 ሚሊዮን ተኩል ይጠጋል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋው መንገድ ላይ አልቋል።

ታዲያ ኒውተን ያንን ሲጽፍ ኅሊናው የት ነበር? ተኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን ንግዱ የተፈቀደ፣ የተከበረም ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መንግሥቱም ዝም ብሏል። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ጥፋት ጥፋት ነው ብሎ ማየት አስቸጋሪ ነው። በመዳፉ የሰው ደም እያለ የሚጸጸተው ስለ ስድቡና ስለ ክህደቱ ነበር። ኅሊና አንድ ጊዜ ስለ ነቃ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም።

ከባሕር የወጣውም በጸጸት አልነበረም። በ1754 ሌላ ጉዞ ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው ከሚስቱ ጋር ሻይ እየጠጣ ድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሞችም ባሕር ይቅርብህ አሉት። ሊቨርፑል ከተማ በጉምሩክ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና ወደቡ የሚገቡትን መርከቦች ሲፈትሽ ኖረ። በትርፍ ሰዓቱ ያለ አስተማሪ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተማረ። ከዚያ የእናቱ ምኞት ትዝ አለውና ቄስ ልሁን ብሎ ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲ አልገባህም ተብሎ ተመለሰ። ደጋግሞ ቢጠይቅም ስድስት ዓመት ያህል አንከራተቱት። በመጨረሻ አንድ መኳንንት ገብቶለት በ1764 ተሾመና ኦልኒ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተመደበ። የኦልኒ ሰው አብዛኛው እቤቱ ዳንቴል እየሠራ የሚተዳደር ድሃ ነበር። ኒውተን በመርከበኛ ካፖርቱ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠይቃቸዋል፤ ያለፈ ሕይወቱን አይደብቃቸውም። በዚያው ዓመት የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ስለ ክህደቱና ስለ ስድቡ ተናዟል። ስለ ባሪያ ንግዱ ግን በደል ነው ብሎ ገና አልተናገረም።

በ1767 ወደ ኦልኒ ዊልያም ኩፐር የሚባል ባለቅኔ መጣና ጎረቤቱ ሆነ። ይህ ሰው ከኒውተን ጋር ሲነጻጸር ያጠፋው ጥፋት ይህ ነው የሚባል የለም። ጨዋ፣ ለስላሳ፣ እንስሳ እንኳ የማይጎዳ ሰው ነው። ግን ጸጸትና ፍርሃት የሚያሠቃየው ሕመምተኛ ነበር። ሁለቱ ወዳጆች ሆነው ለጸሎት ስብሰባ መዝሙር ይጽፉ ጀመር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመረው፣ በእንግሊዝኛ አሜዚንግ ግሬስ የሚባለው መዝሙር ኒውተን ለ1773 አዲስ ዓመት ስብከት ያዘጋጀው ነው። ማዕበሉ ካለፈ 25 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው። በ1779 ኦልኒ መዝሙሮች በተባለው መጽሐፍ 348 መዝሙሮች ሲታተሙ አብዛኛው የኒውተን፣ ቀሪው የኩፐር ነበር። አሁን የምናውቀው ዜማ የተገጠመለትም በኋላ በ1835 በአሜሪካ ነው።

በዚያው በ1773 መጀመሪያ ላይ ግን ኩፐር ሕመሙ ተነሣበት። እግዚአብሔር ጨርሶ ጥሎኛል ብሎ አመነ፤ ራሱንም ለማጥፋት ሞከረ። ኒውተንና ሚስቱ እቤታቸው አስገብተው ከአንድ ዓመት በላይ አስታመሙት። ኩፐር በ1800 እስኪሞት ድረስ ከዚያ ጭንቀት ፈጽሞ አልወጣም፤ ቤተ ክርስቲያንም ተመልሶ አልገባም። ኒውተን ግን አንድ ቀን እምነት ጎደለህ ብሎ አልወቀሰውም። ይህንን የማነሣው ለምክንያት ነው። ጸጸት ሁሉ ከጥፋት አይመጣም፤ አንዳንዱ ሕመም ነው። ሕመም የሆነውን በወቀሳ ማባባስ ኃጢአት ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ያላችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ አብራችሁትም ተቀመጡ።

በ1780 ኒውተን ወደ ሎንዶን ተዛውሮ ቅድስት ማርያም ዉልኖዝ በምትባል ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ጀመረ። በዲሴምበር 1785 አንድ የ26 ዓመት ወጣት በምስጢር ሊያየው መጣ። ወጣቱ ዊልያም ዊልበርፎርስ የፓርላማ አባል ነው። ስላለፈው የጨዋታና የግብዣ ኑሮው ተጸጽቶ ነበር። ወደ ኒውተን ቤት ለመግባት አፍሮ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው በሩን ያንኳኳው። ፓርላማውን ልተውና ለነፍሴ ልደር ብሎ አስቦ ነበር። ኒውተን ግን ከሥራህ አትሽሽ፣ እዚያው ሆነህ እግዚአብሔርን አገልግል ብሎ መከረው። ወጣቱ ምክሩን ተቀበለ። ከዚያም የባሪያ ንግድን በሕግ ለማስቀረት ተነሣ።

አሁን ፈተናው ለኒውተን መጣ። የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች በ1787 ማኅበር አቋቁመው ምስክር ይፈልጋሉ። የመርከቡን ጓዳ በዓይኑ ያየ፣ ገዝቶ የሸጠ፣ ያሰረ፣ ያስጨነቀ፣ አሁን ደግሞ የተከበረ ቄስ የሆነ ሰው ከሱ በቀር ከየት ይገኛል? ዕድሜው 62 ዓመት ነው። ሥራውን ከተወ 33 ዓመት አልፎታል። ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። ሰው ሁሉ በቅድስናው ያውቀዋል፤ የድሮውን ቆሻሻ ማንሣት ምን ያደርግልሃል የሚለው ወዳጅ አይጠፋም።

እሱ ግን በጃንዋሪ 1788 ስለ አፍሪካ ባሪያ ንግድ ያለውን ሐሳብ ጽፎ በስሙ አሳተመ። በዚያ ጽሑፍ ያየውን ብቻ ሳይሆን እኔው አድርጌዋለሁ ብሎ ገለጠ። ኅሊናዬ ግድ ይለኛል፤ በሕዝብ ፊት ኀፍረቴን ልሸከም ይገባኛል አለ። ኑዛዜዬ ከልብ ቢሆንም የደረሰውን ሥቃይ ለማስቀረት ዘግይቷል ብሎም አልሸሸገም። ጽሑፉ ለፓርላማው አባላት ሁሉ ተላከ። በዚያው ዓመት በንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ፊት፣ በ1790 ደግሞ በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ኩፐርም ሕመሙ ሳይለቀው በ1788 የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ ግጥም ጻፈ።

በዲሴምበር 1790 የኒውተን ሚስት በካንሰር ሞተች። 40 ዓመት አብረው ኖረዋል። ሐዘኑ ቢከብደውም አገልግሎቱን አልተወም፤ ዓይኑም ጆሮውም ደክሞ እስከ 1806 ድረስ ሰበከ። ዊልበርፎርስ ሕጉን ባቀረበ ቁጥር ሲወድቅበት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 1807 በ283 ድምፅ ለ16 አለፈ፤ ማርች 25 ቀንም ንጉሡ አጸደቀው። ኒውተን ይህንን ሰምቶ ዲሴምበር 21 ቀን 1807 በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በእንግሊዝ ቅኝ አገሮች ባርነት ራሱ የሚቀርበት ሕግ የወጣው ግን ከዚያ በኋላ በ1833 ነው።

እኛ የዕድር ሰዎች ስለሆንን ስለ መቃብሩ ሳልናገር አላልፍም። ከሚስቱ አጠገብ በቤተ ክርስቲያኑ ተቀበረ፤ በ1893 የሁለቱም ዐፅም ወደ ኦልኒ ተዛወረ። በመቃብሩ ላይ የሚጻፈውን ቃል በሕይወት ሳለ ራሱ ነበር ያዘጋጀው። ማዕረጉንና ሥራውን ከመዘርዘር በፊት ከሃዲና ልቅ ሰው እንደነበረ፣ በአፍሪካም የባሪያዎች አገልጋይ እንደነበረ እንዲጻፍ አደረገ። በአገራችን በመቃብር ላይ የሟቹ በጎ ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው። እሱ ግን ጥፋቱን ከነምሕረቱ በድንጋይ አስቀረጸው።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ኒውተን ከእግዚአብሔር ምሕረት ማግኘቱን አምኗል። ያም ሆኖ ይቅር የተባለ ሰው ዝም ማለት አለበት ብሎ አላሰበም። እንዲያውም ይቅር ስለተባለ ነው ለመናገር ድፍረት ያገኘው። ቅዱስ ጴጥሮስም ይሁዳም ሁለቱም ተጸጽተዋል። አንዱ አልቅሶ ወደ ጌታው ተመለሰ፣ ሌላው ብቻውን ሄደ። ልዩነቱ የጥፋቱ መጠን አይመስለኝም፤ የተሄደበት አቅጣጫ ነው።

ሁለተኛ፣ ጸጸትና ይሉኝታ አንድ አይደሉም። ጸጸት የበደልኩት ሰው እንዴት ሆነ ይላል። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ይላል። ኒውተን ለይሉኝታ ቢሰማ ኖሮ የተከበረ ቄስ ሆኖ ዝም ብሎ ይሞት ነበር። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ ያለው ሕዝብ ተሰብስቦ እያየው ነው።

ሦስተኛ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የኒውተን ኑዛዜ በባሕር የተጣሉትን አልመለሰም፤ እሱም መልሷል አላለም። ይቅርታ ማግኘት ዕዳውን ሰርዞ መሄድ ማለት አይደለም። ሊከፈል የሚችለው ይከፈላል፤ ሊከፈል የማይችለው ቢያንስ ይመሰከራል። በኛም አገር ባርነት ነበረ፤ ጨርሶ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ሰውን በዘሩና በአያቱ ሥራ ዝቅ አድርጎ የሚጠራ ምላስ በየሰፈሩ አለ። የፈረንጁን ኃጢአት ስናወራ የኛንም ብናስታውስ ደግ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ለሁላችንም ነው። ጥፋቱን ሊናገር የመጣ ሰው በራችን አካባቢ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ዊልበርፎርስን የመሰለ ሰው እንኳ ዞሯል። ሲያንኳኳ ፊታችንን ብናጠቁርበት ተመልሶ አይመጣም። ከአባሎቻችን መካከል በአንድ ነገር አፍሮ ከለቅሶ ቤትና ከስብሰባ የራቀ ሰው ብታውቁ፣ መዋጮው ቢጎድልም ባይጎድልም ሄዳችሁ ጠይቁት። የቆየ ቂም ካለም ከአሁኑ ጾም በፊት ሽማግሌ ይግባበት።

በሉ፣ ለዘንድሮው ይብቃኝ። አምላክ ሁላችንንም ዕድሜ ለንስሐ ይስጠን፤ በሞት የተለዩንንም አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን። በሕይወት ከቆየን ለከርሞው እትም ደግሞ ሌላ ታሪክ ይዤ እመጣለሁ።